የአለቃው የመጀመሪያ ጥያቄ

በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በቡራዩና በአካባቢው የደረሰው ጥቃት ወሬ አርባ ምንጭ ገባ። ከተጎዱት መካከል ከጋሞ ደጋ ወጥተው በሽመና የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ። ቁጣው ወደ በቀል ዞሮ ምንም ያላጠፋ ሰው ንብረት ላይ ሊያርፍ ሲል የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊት ደረሱ። አልገሠጹም፣ አላስፈራሩም። በልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ባሉ ወጣቶች ፊት መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

ይህን ታሪክ የሰላም ታሪክ ብለን እናስታውሰዋለን፤ ነውም። እኔ ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት የሚያወራው የዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ያስቀመጥሁት ግን አባቶቹ ሌላው እንዲያደርገው የፈለጉትን አስቀድመው በራሳቸው አካል ስላሳዩ ነው። አማርኛ የእግርን መታጠፊያም ሠራተኛው የሚሸጠውን ኃይልም «ጉልበት» ይላቸዋል። በሰው ጉልበት የሚያሠራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ የእርስዎ ጉልበትስ የት ነው?

በአርባ ምንጭ አንድ ግንባታ ላይ ያየሁትን ልንገር፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ደርሷል። መወጣጫው በምስማር የተያያዘ ባሕር ዛፍ ነው። በሩ ላይ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እንግዳ ስለሆንሁ አዲስ ሄልሜት ሰጡኝ። አብሮኝ የገባው ሥራ አስኪያጅ ባዶ ራሱን ነበር። አሸዋና ውኃ የሚያመላልሱት ሴቶች ራሳቸው ላይ ሻሽ፣ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ ነው ያላቸው። ሥራ አስኪያጁ ፎርማኑን እንዳገኘው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሶሌታው መቼ ይሞላል?» የሚል ነበር፤ የፎቁን ወለል ኮንክሪት ማለቱ ነው። ፎርማኑ «ነገ ማታ» አለ። ሥራ አስኪያጁም ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ወደ ደረጃው አለፈ።

ከዚያ በኋላ የዚያን መወጣጫ ነገር ማን ያነሣል? አንዱ እንጨት መሰንጠቁን ያየ የቀን ሠራተኛ እንኳ ቢኖር፣ አሁን የሚናገረው ስለ እንጨት ብቻ አይሆንም፤ የነገውን ማታ ቀጠሮ ማፍረሱ ነው። ሰሌዳው ደኅንነት ይቅደም ይላል፤ የአለቃው አፍ ግን ቀጠሮውን አስቀደመ። ሠራተኛ ከሰሌዳ አይማርም። የሚማረው አለቃው ሲመጣ በመጀመሪያ ከሚጠይቀው፣ ሳያይ ከሚያልፈውና ክፉ ወሬ ሲነገረው ከፊቱ ገጽታ ነው። የደኅንነት ባህል ሲባል እኔ የሚገባኝ ይኸው ነው፤ መመሪያውም፣ ሥልጠናውም፣ ቢጫ ሰደርያውም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በባንግላዴሽ የሆነውን የልብስ ስፌት ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል። ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ የታየው ከመደርመሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ነበር። እታች ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። ከላይ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ግን በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ተመልሰው እንዲገቡ ተደረገ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁን ያላየ አልነበረም። አይቶ «ሥራ ይቁም» የሚል አለቃ ነበር የጠፋው።

በተቃራኒው የቆመ አንድ ሰው ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ፖል ኦኒል አልኮዋ የተባለውን ግዙፍ የአሜሪካ አሉሚኒየም አምራች እንዲመራ ተሾመ። ባለሀብቶችና የገበያ ተንታኞች ስለ ትርፍ ሊሰሙ ተሰብስበው ሳለ እርሱ ስለ ሠራተኞች ጉዳት መናገር ጀመረ። ብዙዎቹ ግራ ተጋብተው ወጡ። ስድስት ወር ያህል እንደ ቆየ፣ አሪዞና ባለው ፋብሪካ አንድ ወጣት የተቀረቀረ ማሽን ሊያስለቅቅ መከላከያውን ዘልሎ ገባና ሞተ። በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ሞት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «ደንብ በመጣሱ» ተብሎ ነው። ኦኒል ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ይህን ሰው የገደልነው እኛ ነን አላቸው፤ ከራሱ ጀምሮ። ወጣቱ ሲዘል ያዩ አለቆች ነበሩ፤ አላስቆሙትም። እንዲህ ያለው ነገር አደገኛ መሆኑን አጥብቆ ያስተማረውም አልነበረም።

ኦኒል ሠራተኞች በቀጥታ እንዲደውሉለት የቤቱን ስልክ ቁጥር ሰጠ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሰናበት፣ ከሥራ የሚያስቀረው ጉዳት ከ100 ሠራተኛ ከ1.86 ወደ 0.2 ወርዶ ነበር። ትርፉም አድጓል። ይህ የሚያስገርመው ሰው ካለ አንድ ነገር ያስብ፤ ያ ወጣት ለምን እንደ ሞተ ለማወቅ ማሽኑ ለምን እንደሚቀረቀር ማወቅ ግድ ይላል። ማሽኑ የማይቀረቀርበትን መንገድ ያገኘ ፋብሪካ ደግሞ ሕይወትም ጊዜም አተረፈ። የሰው ደኅንነትና የሥራ ጥራት በአንድ በር ነው የሚገቡት።

ከእርሱ በፊትም የባሩድ አምራቹ የዱፖን ቤተሰብ በ1811 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ አዲስ ወይም እንደ ገና የተሠራ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከበላይ ኃላፊዎች አንዱ ገብቶ በእጁ ሳያንቀሳቅሰው ማንም ሠራተኛ አይገባበትም። የባለቤቶቹ መኖሪያ ቤትም ከባሩዱ አጠገብ ነበር። አደጋው አልቀረም፤ በ1818 እ.ኤ.አ. የደረሰው ፍንዳታ ከ30 በላይ ሰው ገድሏል። ሆኖም ያንን ደንብ ሳነብ አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ያረፉት የአባቶች ጉልበቶች ትዝ ይሉኛል። ቀድሞ መግባት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ አርባ ምንጭ አካባቢ እንመለስ፤ ወደ ሙዙ። ከላንቴ፣ ከጫኖ፣ ከኮላ ሻራ እርሻዎች የሚቆረጠው ሙዝ ከአዲስ አበባ ገበያ የሚለየው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ሙዝ አይጠብቅም፤ በሰዓታት ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ቀን ተቆርጦ፣ ተጭኖ፣ ሌሊት ይነዳል። የጫኑት ልጆች በገጀራና በትከሻቸው ሲሠሩ ውለዋል፤ ሾፌሩም ጭነቱን ሲያስተባብር ስለዋለ እንቅልፍ የለውም። መሪውን የያዘው ሰው የሥራ ቦታው መንገዱ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን፤ አደጋ ሲደርስበት «የትራፊክ አደጋ» ብለን የሥራ አደጋ መሆኑን እናጠፋዋለን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የባለ መኪናው ስልክ ይጮኻል። «የት ደረስክ?»

በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ሙሉ የአስተዳደር መመሪያ አለ። ሾፌሩ ፍጥነቱ እንደሚለካ፣ ዕረፍቱ እንደማይጠየቅ ይረዳል። ስልኩን እየነዳ ማንሣቱም ራሱ አደጋ ነው። ባለ መኪናው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብድር አለበት፣ ሙዙ እየበሰለበት ነው። ግን ያው ሰው ከጉዞው በፊት «ዛሬ ተኝተሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አልተኛሁም» የሚል መልስ ቢሰማና ሁለተኛ ሾፌር ቢፈልግ ወይም ጭነቱን ሁለት ሰዓት ቢያዘገይ፣ ያን ጊዜ ከዚያው መጫኛ ቦታ የሚነሡ ሾፌሮች ሁሉ ወሬውን ይሰሙታል። ባህል የሚባለው እንዲህ በወሬ ነው የሚሠራው።

ሕጉስ? ሕጉ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት ያደርገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲሰጥ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብና ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የመሣሪያ ብልሽት ወይም አደጋ የሚያመጣ ሁኔታ ሲያይ ለአሠሪው እንዲነግር ግዴታ ይጥልበታል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ክፉ ወሬ እንዲነገር ያዛል። ወሬው ሲነገር አለቃው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ግን ሊደነግግ አይችልም። ያ የሰው ፋንታ ነው።

ከዝምታ ጋር ያለን ዝምድናም ከባድ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብለው ነው ያሳደጉን። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ለካቦው «ይህ ገመድ አያስተማምንም» ማለት ነገ እንዳይጠራ ሊያደርገው እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ገመዱ ሲበጠስ ሁላችንም አንድ ቃል እናገኛለን፦ «ቀኑ ደርሶ ነው።» ሐዘንተኛን ለማጽናናት ይህ ጥሩ ቃል ነው፤ እኔም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ብዬዋለሁ። የአደጋ ምርመራ መደምደሚያ ሲሆን ግን ቀጣዩን ሰው ለዚያው ገመድ ያስረክባል።

ሆኖም ሌላ ተረትም አለን፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጋሞዎች ደግሞ ይህን ከተረት አልፈው ሥርዓት አድርገውታል። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለ፤ ሣር የለበሰ፣ የተከበረ ቦታ ነው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፣ ተናጋሪው በተራው ይነሣል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ እስኪስማሙ ድረስ ይመክራሉ። ጎሜ የሚባል ነገርም አለ። ወግ ተጥሶ የሚመጣ ጥፋት ማለት ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲያልቅ ሽማግሌዎች የተጣሰ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ። በዚህ እምነት ጥፋት ሲደበቅ ያድራል፣ ይበረታል፣ ወደ ሌላውም ይሻገራል። የሚፈታው ወጥቶ ሲነገርና ሲታረቁበት ነው።

ይህን አስተሳሰብ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አስቡት። ጣቱ ለጥቂት ከማሽን የተረፈ ሠራተኛ ዕለቱን ወጥቶ ይናገራል፤ ምክንያቱም ዛሬ ለጥቂት የሳተው ነገር ከተደበቀ ነገ የጓደኛውን እጅ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሀገሮች ለጥቂት የታለፉ አደጋዎችን ለማስመዝገብ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅጽ ያወጣሉ። የጋሞ ሽማግሌ ሐሳቡን ለመረዳት ቅጽ አያስፈልገውም።

ግን ዱቡሻን እንዳለ አንሥተን ፋብሪካ እናስገባው ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው የጎሜ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ማን አጠፋ?» የሚል መሆኑ ነው። በሥራ ቦታ ይህ ጥያቄ ከቀደመ ሰው ሁሉ ይደበቃል። መጠየቅ ያለበት «ምኑ ነው ይህ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ ያደረገው?» የሚል ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም የሚጸዳው ለምንድን ነው፣ መከላከያው ለምን ተፈታ፣ ፈረቃው ለምን በአንድ ሰው ጎደለ። ሆን ብሎ ባልንጀራውን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ይጠየቃል። የተሳሳተ ግን መደመጥ አለበት፤ ስህተቱ የሚያሳየን ቀዳዳ አለና።

ሁለተኛው ይበልጥ ያመኛል። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች፣ ማናና ደጋላ የተባሉት፣ ለረጅም ዘመን ከዱቡሻው ውሳኔ ውጭ ነበሩ። ሴቶችም ቢሆኑ ድምፃቸው እንደ ወንዶቹ አይቆጠርም ነበር። ከእሳት፣ ከጭስ፣ ከአፈር ጉድጓድ ጋር የሚውሉት ሰዎች መናገሪያው ላይ አልነበሩም ማለት ነው። ዛሬ በየድርጅቱ የደኅንነት ኮሚቴ ሲቋቋም ያው ነገር ይደገማል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት የሰው ኃይል ኃላፊው፣ የቴክኒክ ኃላፊው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሌሊት ወለል የምትጠርገዋ ሴት፣ በኮንትራት የመጣው ጫኝ፣ ትናንት የተቀጠረው ልጅ አይጠሩም። አንድ ሥራ አስኪያጅ ቦታው ምን ያህል እንደሚያሰጋ በእውነት ማወቅ ከፈለገ ከኮሚቴው በፊት ጠራጊዋን ይጠይቅ። ማሽኑ የት ዘይት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ደረጃ እንደሚያንሸራትት፣ ሌሊት ማን እንደሚያንቀላፋ ታውቃለች።

ወደ ጎረቤት ጎፋ ዞን ልሻገር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጋሞ ጋር አንድ ዞን ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ በእጅም በአካፋም መቆፈር ተጀመረ። የቆመው ተራራ እንደ ገና ተንዶ የሚቆፍሩትን ሸፈናቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ። ስለ እነዚያ ሰዎች የወቀሳ ቃል ከአፌ አይወጣም። ጩኸት ሲሰማ የማይሮጥ ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይባልም።

ይህን ያነሣሁት ያው ደግነት በየሥራ ቦታው ሰው ስለሚቀጥፍ ነው። የውኃ ጉድጓድ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሠራተኛ በድንገት ይወድቃል፤ ታች አየሩ ኦክስጅን የለውም ወይም መርዛማ ጋዝ ሞልቶታል። ባልንጀራው ሊያወጣው ይዘልላል፣ እርሱም ይወድቃል፤ ሦስተኛው ይከተላል። ማንም ሰው በዚያች ደቂቃ ማሰብ አይችልም። ማሰብ ያለበት አለቃው ነው፣ ያውም ከሳምንት በፊት። ማንም ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ሳይታሰር፣ ከላይ የሚጎትተው ሰው ሳይቆም፣ ጉድጓዱ አየር ሳይገባለትና ሳይፈተሽ እንዳይገባ ማዘዝ አለበት። ሰው ሲወድቅም «ከላይ ጎትቱ፣ ማንም አይግባ» የሚል ድምፅ ከማን አፍ እንደሚወጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ደግ ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ጠንካራ አለቃ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ነገር ጥጥ ነው፤ በጣም የምቆረቆርበትም እርሱ ነው፤ አይጮኽምና። ዶርዜ ላይ ጥጥ ሲዳመጥና በደጋን ሲነደፍ ያየ ሰው በፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ያስታውሳል። አርባ ምንጭ ከተማም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ የጥጥ ነገር ለዚህ አካባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ ብናኙ ከሁሉ የሚበዛው ጥጡ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ ከሚፈቱት 43.2 በመቶው፣ ከሚያበጥሩት 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ ምልክት እንዳለባቸው አገኘ። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር።

በዚህ ብናኝ ላይ አፍን በሻሽ መሸፈን ብዙ አይረዳም፤ ደቃቁ ያልፋል። እዚህ ላይ ነው የአመራር ጉዳይ ለምን ከሁሉ እንደሚቀድም ቁልጭ ብሎ የሚታየው። አደጋን ለመከላከል የመጀመሪያው መንገድ አደጋውን ከነአካቴው ማስወገድ ነው። ካልሆነ በማይጎዳ መተካት፤ ካልሆነ ማሽኑን መክደን፣ ብናኙን ከምንጩ የሚመጥ መሳቢያ መግጠም፤ ከዚያ የሥራ ሰዓቱንና ቦታውን ማፈራረቅ። ማስክ የመጨረሻው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሠራተኛው በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችለው ያንኑ የመጨረሻውን ብቻ ነው። የቀሩት በሙሉ የበጀት ፊርማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ሠራተኛው ማስክ አያደርግም» ብሎ ማማረር ከመጀመሩ በፊት ፊርማው የት እንደ ቀረ መታየት አለበት።

ቢሲኖሲስ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን ሲመለስ፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ደረቱ ይታፈናል፤ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀልለታል፤ ከሚቀጥለው ዕረፍት በኋላ እንደ ገና ይመለስበታል። ዓመታት ሲያልፉ ግን መቅለሉ ይቀርና መታፈኑ ብቻ ይቀራል። ዓርብ ዕለት የሚጎበኝ አለቃ ደህና ሰዎች ያገኛል።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ የምለምነው ሰኞ እንዲሄድ ነው። ሰኞ፣ ፈረቃው ከገባ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ጥጡ የሚፈታበት ክፍል ገብቶ፣ ያው ብናኝ ውስጥ ቆሞ፣ ስለ ምርቱ ኪሎ ከመጠየቁ በፊት በዕድሜ ገፋ ያለውን ሠራተኛ «አባባ፣ ዛሬ ደረትዎ እንዴት ነው?» ይበለው። ሰውየው ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ቀና ብሎ ፎርማኑን ያያል። ሥራ አስኪያጁ ያንን አስተያየት አይቶ፣ ፎርማኑን ወደ ውጭ ልኮ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ይቁም።